የክረምት አረም

ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ማታ ስልክ ማውራት አይቻልም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አጠገብህ ለተቀመጠ ሰው እንኳ ጮኸህ ነው የምታወራው። እኔ ግን ይህን ወቅት እወደዋለሁ። ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል፣ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ መብራት ካለ ሽምብጥ ሰፈር ባለችው ክፍሌ ላፕቶፔን ከፍቼ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አዲስ ስሪት «ምን አዲስ ነገር አለ» የሚለውን ሰነድ ረቂቅ አነባለሁ። ከላይ እስከ ታች። አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት አራት ጊዜ።

ምን እየሠራሁ እንደሆነ ስነግራቸው ብዙዎች ግራ ይገባቸዋል። ፕሮግራም መጻፍማ እንጀራዬ ነው። ይህ ሌላ ነው። ፓይተን አዲስ ስሪት ባወጣ ቁጥር አብሮት አንድ ሰነድ ይወጣል፤ ምን ተጨመረ፣ ምን ተለወጠ፣ ምን ተወገደ፣ የድሮ ኮድህን ወደ አዲሱ ስታሻግር ምን ማድረግ አለብህ የሚል። ሰነዱ ከመውጣቱ በፊት ወራት ሙሉ ረቂቅ ሆኖ ለሁሉም ክፍት ነው። ማንም ገብቶ ያነባል፣ ማንም እርማት ይልካል። እኔ የተሳሳተ የስሪት ቁጥር፣ የማይከፈት ሊንክ፣ ሁለት ትርጉም የሚሰጥ ዓረፍተ ነገር ሳገኝ አስተካክዬ እልካለሁ። ክፍያ የለውም።

የሥራው ወቅት ደግሞ ከእኛ አገር ጋር ተመካክረው ያወጡት ይመስላል። ከ3.9 ጀምሮ ፓይተን በዓመት አንድ ስሪት ነው የሚያወጣው። የመጀመሪያው ቤታ፣ ማለትም የሙከራ ቅጂ፣ የሚመጣው ሚያዝያ ማለቂያ፣ ግንቦት መግቢያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር መጨመር የለም፤ ያለውን ማስተካከል ብቻ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለመለቀቅ የተቃረቡት የመጨረሻዎቹ ዕጩ ቅጂዎች ብቅ ይላሉ። ከዚያ ዘመን ተለውጦ፣ አደይ ወጥቶ፣ የሚለቀቀው አብዛኛውን ጊዜ መስከረም ላይ ነው። 3.12 የወጣው መስከረም 21 ቀን 2016 ነበር፣ የግሸን ማርያም ዕለት። 3.13 መስከረም 27 ቀን 2017። 3.14ም በዓመቱ፣ ልክ በዚያው መስከረም 27።

እንግዲህ ክረምቱ በሙሉ የእርማት ነው። ከከተማው ትንሽ ወጣ ስትል ገበሬውም ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብሎ እያረመ ነው። ማረም፣ ማረም። ቃሉ አንድ ነው፣ ወቅቱም አንድ ነው። ልጅ ሆኜ አያቴ ጋ ክረምት ስሄድ አብሬ አርሜያለሁ። ያኔ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ረጅሙ አረም፣ አበባው የሚያስጠላው፣ ከሩቅ የሚታየው ቀላል ነው፤ ሕፃን ልጅም ይነቅለዋል። አስቸጋሪው እንክርዳድ ነው። ስንዴ ይመስላል። እዚያው መሃል ቆሞ፣ እንደ ስንዴው አረንጓዴ ሆኖ፣ ነፋስ ሲመጣ ከስንዴው ጋር እየተወዛወዘ ያድጋል።

ሰነድም እንደዚያ ነው። የፊደል ግድፈት ማንም ያየዋል። ዓይን የሚያልፈው ትክክል የሚመስለው ዓረፍተ ነገር ነው። ሰዋስውም አይጎድለው፣ ሐሰትም የለበት፣ ግን አንብበህ ስትጨርስ ምን ማድረግ እንዳለብህ አታውቅም።

ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ አንድ ፎቶ ቤት ነው።

የማውቃቸው ሰው መሃል ከተማ ፎቶ ቤት አላቸው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና ያነሳሉ። ከዓመታት በፊት ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼላቸው ነበር። ከካሜራው ካርድ የተገለበጠውን ፋይል ሁሉ አንድ በአንድ ያያል፣ የእውነት ፎቶ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ዓይነቱን ይለያል፣ በደንበኛ ስም ፎልደር ከፍቶ ያስቀምጣል። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የተጻፈውን አያምንም፤ ውስጡን ከፍቶ ነው የሚያየው። ለዚህ የተጠቀምኩት ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣ ኢምግ-ኤችዲአር የሚባል ትንሽ ሞጁል፣ ማለትም የተዘጋጀ የኮድ ክፍል፣ ነበር። ዓመታት ሠራ። እኔም ረሳሁት።

ጥር 2017 ላይ፣ በሠርግ ወር፣ አንድ ምሽት ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ነገርህ እምቢ አለ። ነገ አልበም የሚረከቡ ሙሽሮች አሉብኝ።»

«ምን ይላል ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ቀይ በቀይ ሆኗል። ና በቃ።»

ቀይ ሲሉኝ መጠርጠር ነበረብኝ። ፓይተን የስህተት መልእክቱን ማንም ሳያዘው በቀለም ማሳየት የጀመረው በ3.13 ነው። ባጃጅ ይዤ ስደርስ የወንድማቸው ልጅ ኮምፒዩተሩን አጽድቶ ፓይተንን እንደ አዲስ ጭኖታል፤ የጫነውም የመጨረሻውን ስሪት ነው። ልጁ ጥፋት አልሠራም። አዲስ መጫን ጥሩ ነው። የእኔ ሞጁል ግን የለም። «አልተገኘም» ይላል ቀዩ ጽሑፍ።

ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ ነበር። በስልኬ የ3.13ን ሰነድ ከፈትኩና የተወገዱት ወደተዘረዘሩበት ወረድኩ። ሞጁሉ በስሙ ተጽፏል። መወገዱን ይናገራል፣ ቀጥሎም በምን እንደሚተካ የሦስት ላይብረሪ (ለብቻው የሚጫን የኮድ ጥቅል) ስም ይሰጣል። ያን ያህል ነው፤ ሁለት መስመር ቢሞላ ነው። አንዱን መረጥኩ፣ ጫንኩ፣ ኮዱ ላይ ጥቂት መስመር ቀየርኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ቡናቸውን ጠጥቼ ወጣሁ፣ ሙሽሮቹም በማግስቱ አልበማቸውን ወሰዱ።

ቤት ገብቼ ጋደም ስል ነው ነገሩ የመጣብኝ። ያቺን መስመር የጻፈ ሰው አለ። እኔን አያውቀኝም። ፎቶ ቤቱንም አያውቅም። ግን አንድ ቀን አንድ ሰው ሞጁሉ ጠፍቶበት፣ ሰዓት ጎድሎት፣ ተጨንቆ እዚህ ገጽ ላይ እንደሚደርስ አስቦ ነው የጻፈው። በ3.13 እንደዚያ ያሉ 19 አሮጌ ሞጁሎች በአንድ ጊዜ ወጥተዋል። «ተወግደዋል» ብሎ ስማቸውን ደርድሮ ማለፍ ይቻል ነበር። ሐሰት አይሆንም ነበር። አንድ ሰው ግን ተቀምጦ ሰውየው ከዚህ በኋላ ወዴት ይሂድ ብሎ ጠየቀ። ማስጠንቀቂያውም ቢሆን ከ3.11 ጀምሮ ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰነዱን እንደ ተጠቃሚ ብቻ ማንበብ አቃተኝ።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ከውጭ አይታይም። ፓይተን ውስጥ አንድ ነገር የለወጠ ሰው ስለለወጠው ነገር አጭር ማስታወሻ አብሮ ያስገባል። እነዚህ ማስታወሻዎች ተሰብስበው ሙሉው የለውጥ መዝገብ ይሆናሉ። መዝገቡ ሁሉንም ይይዛል፣ ትንሹንም ትልቁንም። «ምን አዲስ ነገር አለ» የሚለው ሰነድ ግን ሌላ ነው። እሱ የተመረጠ ነው። ከመዝገቡ ውስጥ ሰው ማወቅ ያለበት ተለቅሞ፣ ተብራርቶ የሚጻፍበት ነው። እስከ 2.7 ድረስ ለዓመታት ይህን ሰነድ የጻፈው በአብዛኛው አንድ ሰው ነበር፣ ኤ. ኤም. ኩችሊንግ። ዛሬ ብዙ እጅ ይገባበታል።

የሰነዱን ጥሬ ፋይል ስትከፍት ደግሞ ድረ ገጹ ላይ የማይወጣ ነገር ታያለህ። መግቢያው ላይ፣ ለአንባቢ ሳይሆን ለጻፊዎች የተተወ ማስታወሻ አለ። መንፈሱ እንዲህ ነው፤ ማንም መጨመር ይችላል፣ በቃላት አመራረጥ ብዙ አትድከም፣ መልሶ መጻፉ አይቀርም። ቁርጥራጭ ማስታወሻ መተውም ይቻላል፣ ትኩረት የሚፈልገውን አንቀጽ መጀመሪያ ላይ ሦስት የኤክስ ፊደል አድርግበት፣ ቀሪውን ሰነዱን የያዘው ሰው አጣርቶ ይጽፈዋል። መጀመሪያ ሳነበው በጣም ነው ደስ ያለኝ። አንዱ ሻካራውን ይጥላል፣ ሌላው ያለሰልሰዋል። ኮዱን የጻፈው ሰው ጥሩ ጸሐፊ እንዲሆን አይገደድም። የሚያለሰልስ ሰው ግን መኖር አለበት፤ ከሌለ ሻካራው እንዳለ ይወጣል።

ሻካራው ምን ዓይነት እንደሆነ የገባኝ ደግሞ ኮምፒዩተር ፊት ሆኜ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ዘጌ ልሻገር ጀልባ እየጠበቅኩ ነበር። ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማህተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው። የጀልባው መነሻ ሰዓት የተስተካከለ መሆኑን እናሳውቃለን ይላል። ሌላ ነገር የለውም። ገበያ ውለው የሚመለሱ አንዲት እናት፣ ሎሚያቸውን ሸጠው ባዶውን ጆንያ አጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘዋል፣ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይህን እስቲ አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው።

«እሺ፣ ስንት ሰዓት ሆነ ታዲያ?»

«እሱን አይልም እማማ።»

«እንዴት አይልም? ደግመህ እየው እስቲ።»

ደግሜ አየሁት። ወረቀቱን ገልብጬ ማየት ሁሉ አምሮኝ ነበር። አይልም። እሳቸውም ዝም ብለው ሐይቁን ማየት ጀመሩ። ጀልባው የመጣው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፤ እስኪመጣ ድረስ ይምጣ አይምጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። እኚያ እናት ግን የሚሄዱበት ሌላ ቦታ ስለሌላቸው ጠበቁ።

ያንን የጻፈው ሰው አልዋሸም። ሰዓቱ እውነት ተስተካክሏል። ችግሩ የጻፈው እሱ የሠራውን መሆኑ ነው። እሱ የሠራው ማስተካከል ነው፣ ስለዚህ «ተስተካክሏል» አለ። የሴትዮዋ ጥያቄ ግን እሱ ምን ሠራ የሚል አይደለም። እኔ ስንት ሰዓት ልምጣ ነው። ማስታወቂያው ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የጎደለው። ያች ቁጥር ደግሞ የማስታወቂያው ምክንያት ነበረች።

በዚያ ሳምንት ረቂቁን ስከፍት እንክርዳዱ ሁሉ ዓይኔ ውስጥ ገባ። «አያያዙ ተሻሽሏል።» «ውስጣዊ አሠራሩ ተስተካክሏል።» «ድጋፉ ተወግዷል።» የጻፉት ጎበዞች ናቸው፤ የሠሩትን ሥራ ነው በእውነት የጻፉት። ወር ሙሉ ኮዱ ውስጥ ስትኖር የሠራኸው ነገር ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ይመስልሃል። እኔም በራሴ ሥራ አደርገዋለሁ። ስለዚህ እርማቱ ሰውን ከመውቀስ አይጀምርም። የሚጀምረው ቦታ ከመቀየር ነው፤ ከሠሪው ወንበር ተነስቶ ጀልባ ጠባቂዋ ጋ ሄዶ መቆም።

አንድ እውነተኛ ለውጥ ልውሰድና በቅርብ እንየው። ከጓደኞቼ ጋር ዕቁብ አለን። ዕጣ የምታወጣልን እኔ የጻፍኳት ትንሽ ፕሮግራም ናት። የአባላቱ ስም ስብስብ ውስጥ ነው ያለው፣ ማለትም ቅደም ተከተል በሌለው፣ አንድ ስም ሁለት ጊዜ በማይገባበት መያዣ። ከዚያ ራንደም ሞጁል ውስጥ ያለው ሳምፕል የሚባል ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ከመሃሉ አንዱን ያወጣል። ከ3.11 በፊት ሳምፕል ስብስብ ብትሰጠው ራሱ ወደ ዝርዝር፣ ማለትም ቅደም ተከተል ወዳለው መያዣ፣ ቀይሮ ይሠራልህ ነበር። በ3.9 ማስጠንቀቂያ መጣ። በ3.11 ቀረ። አሁን ስብስብ ብትሰጠው ስህተት ነው የሚመልስልህ።

ይህን እንዴት ትጽፈዋለህ? እኔ ለልምምድ ሁለት ዓይነት ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያው፣ «ሳምፕል ስብስቦችን ወደ ዝርዝር የሚቀይርበት ድጋፍ ተወግዷል» የሚል ነው። እውነት ነው። ግን የሠሪው ነው። ሁለተኛው፣ «ሳምፕል ከእንግዲህ ስብስብ አይቀበልም፤ ከሰጠኸው የዓይነት ስህተት ይነሳል። ስሞችህ ስብስብ ውስጥ ካሉ መጀመሪያ ደርድረህ ዝርዝር አድርጋቸው» ይላል። ሁለተኛው ይረዝማል። ግን ጠዋት ዕቁቡ ሊወጣ ሰው ተሰብስቦ፣ ፕሮግራሙ እምቢ ያለው ሰው በየትኛው ይድናል?

አንድ ነገር አሁንም ይጎድለዋል፤ ለምን? ለምን የሚለውን ሁልጊዜ መጻፍ አያስፈልግም፣ ቦታም የለም። እዚህ ላይ ግን ምክንያቱ ራሱ ትምህርት ነው። ስብስብ ቋሚ ቅደም ተከተል የለውም። ያው ስሞች፣ ያው ፕሮግራም፣ ያው የዕጣ መነሻ ቁጥር ይዘህ ዛሬ ብታስኬደው አንዱን ሊያወጣ፣ ነገ ብታስኬደው ሌላውን ሊያወጣ ይችላል። ዕቁብ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ተነስቶ «እስቲ እንዴት እንደወጣ አሳየን» ማለቱ አይቀርም። መነሻ ቁጥሩን ይዘህ ዕጣውን ደግመህ ያንኑ ስም ማውጣት ካልቻልክ ምን ብለህ ታሳምናለህ? ስለዚህ ለውጡ ሰውን ለማስቸገር የመጣ አይደለም። ይህን በአንድ አጭር ሐረግ ብትጨምርለት አንባቢው ኮዱን ከማስተካከል አልፎ ድሮም ችግር እንደነበረበት ይረዳል። እኔ በበኩሌ የሚያበሳጨኝ ለውጥ ሁሉ ምክንያቱን ስሰማ ግማሽ ብስጭቴ ይሄዳል።

ጥቃቅኑም አለ። ጥቃቅኑን አልንቅም።

ለምሳሌ የስሪት ቁጥር። አንድ ሰው አዲስ ፈንክሽን ሠርቶ ሰነዱ ላይ «በ3.13 የተጨመረ» ብሎ ይጽፋል። ሥራው ሲገመገም ሲመላለስ የመጨመሪያው ጊዜ ያልፍና ወደ 3.14 ይሻገራል። ኮዱ ይሻገራል፣ ቁጥሩ ግን እንደነበረ ይቀመጣል። ከዚያ 3.13 ያለው ሰው ሰነዱን አምኖ ፈንክሽኑን ይጠራል፣ የለም። ራሱን ነው የሚጠራጠረው፤ አጻጻፌ ነው፣ አጫጫኔ ነው እያለ። አሁን ጥሩ መላ መጥቷል። ጻፊው ቁጥር አይጽፍም፣ «ኔክስት» የሚል ቃል ብቻ ይተዋል፣ ስሪቱ ሲለቀቅ መሣሪያው ራሱ ትክክለኛውን ቁጥር ይተካበታል። እኔ ስጀምር ብዙ ያረምኩት ይህን ነበርና ሥራዬን ቢቀንስብኝም ደስ ብሎኛል።

የሊንክ ነገርም አለ። የፓይተን ሰነድ የሚገነባው ስፊንክስ በሚባል መሣሪያ ነው፤ ስፊንክስ ራሱ መጀመሪያ የተሠራው ለዚሁ ሰነድ ነው። የፈንክሽኑን ስም በተገቢው ምልክት ስትጽፍ ወደ ዝርዝር ማብራሪያው የሚወስድ ሊንክ ይሆናል። አንድ ፊደል ከተሳሳትክ ግን ጽሑፉ እንዳለ ይወጣና ሊንኩ ይጠፋል። ሲያዩት ምንም አይመስልም። ስለዚህ በገጹ ላይ እጄን እያስኬድኩ እያንዳንዱን ስም እነካለሁ። ሻይዬ ይቀዘቅዛል። ግድ የለም።

ለምን ይህን ያህል? ሰነድ ብቻውን የሚቀርበት ጊዜ አለ። 3.12 የወጣ ሰሞን እኛ ጋ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ነበር። የፓይተን ሰነድ ሙሉው ወርዶ በፋይል ሊያዝ ይችላል፤ አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ወራት ሙሉ እሱን ነበር የማነበው። ጎግል የለም፣ የሚጠየቅ ሰው የለም፣ ቪዲዮ የለም። ዓረፍተ ነገሩ ግልጽ ከሆነ ታልፋለህ፣ ካልሆነ እዚያው ትቀመጣለህ። በዚያ ስሪት ዲስትዩቲልስ የሚባለው አሮጌ የመጫኛ ሞጁል ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ አዲስ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለአንድ ሥራ ብቻ የተለየ የፓይተን ክፍል) ስትፈጥርም ሴትአፕቱልስ የሚባለው ሌላ የመጫኛ መሣሪያ አብሮ መምጣቱ ቀርቷል። ሁለቱም በግልጽ ተጽፈው ስለነበር ያለ ኢንተርኔት ችግሩን ለይቼ አውቄዋለሁ። መተኪያውን ለማውረድማ ሌላ ፍላሽ መጠበቅ ነበረብኝ። ግን ማወቅና አለማወቅ አንድ አይደለም።

የመጀመሪያ እርማቴን ስልክ ፈርቼ ነበር። እንግሊዝኛ ቋንቋዬ አይደለም፣ እነሱን ማረም ምን አቅም አለኝ አልኩ። የፓይተን ኮድና ሰነድ በሚቀመጥበት ጊትሃብ ላይ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም የለውጥ ጥያቄ፣ ከፈትኩ፣ የአስተዋጽኦ ስምምነቱን በኢንተርኔት ፈረምኩ፣ ጠበቅኩ። አንድ አንቀጽ ሙሉ መልሼ ጽፌ ነበር። መልሱ በማግስቱ መጣ፣ በጣም በትህትና። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ጥሩ ነው፣ ይግባ፤ የቀረው የምርጫ ጉዳይ ስለሆነ እንዳለ ይቆይ የሚል ነበር። መጀመሪያ ከፋኝ። ደግሜ ሳነበው ግን ልክ ነበሩ። የቀረውን የለወጥኩት አንባቢ ስለሚቸገር አልነበረም፤ እኔ እንደዚያ ስለምወድ ነበር። አያቴ ጋም አረም መስሎኝ ጤፍ የነቀልኩበት ቀን አለ። ዝም ብለው ከእጄ ተቀብለው አሳዩኝ እንጂ አልተቆጡም።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ መሆኑ ደግሞ እየቆየ ጠቀመኝ። ቋንቋው የእናቱ የሆነ ሰው ፈጥኖ ያነባል፣ የጎደለውን ሳያስበው ይሞላዋል። እኔ አልሞላም። «እሱ» የሚለው የትኛውን ነው? ፈንክሽኑን ነው ወይስ የሚመልሰውን? እኔን ያደናቀፈኝ ቦታ ሳኦ ፓውሎም ጃካርታም ያለውን ሰው ያደናቅፈዋል። ስለዚህ አሁን የምደናቀፍበትን ቦታ አላፍርበትም፣ ምልክት አደርግበታለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን በአማርኛ የሠራሁት ስህተት ነው።

እዚህ ከተማ ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። አዲስ ስሪት ሲወጣ ዋና ዋናውን በአማርኛ አሳጥሬ እዚያ አስቀምጥላቸዋለሁ። ቃል መፈለጉ ራሱ ሥራ ነው። እንግሊዝኛው ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው ዲፕሪኬትድ ነው፤ ገና ይሠራል፣ ግን ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል፣ አንድ ቀን ይሄዳል። ሁለተኛው ሪሙቭድ ነው፤ ሄዷል። እኔ የ3.13ቱን ስጽፍ ለድረ ገጽ ፕሮግራሞች ስለሚያገለግለው ሲጂአይ ሞጁል «ይህ ሞጁል በ3.13 ይቀራል» አልኩ። ለእኔ ግልጽ ነበር። ልማዱ ቀረ፣ ጉዞው ቀረ እንደምንለው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከልጆቹ አንዷ ጻፈችልኝ። የመመረቂያ ሥራዋን በዚያ ሞጁል ላይ ነው የሠራችው። የዩኒቨርሲቲው ላብ ኮምፒዩተሮች ወደ 3.13 ሲቀየሩ ሥራዋ ቆመ። ሁለት ቀን ኮዷን ስትመረምር ከረመች፤ ሞጁሉን ጨርሶ አልጠረጠረችውም።

«ይቀራል ብለህ ነበር እኮ» አለችኝ። «ሌሎቹ ሲሄዱ እሱ ይቀራል፣ ይቆያል ማለትህ መስሎኝ ነው።»

ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ልክ ናት። ሥራው ይቀራል ስንል ገና አለ ማለት ነው። ሥራው ቀረ ስንል የለም ማለት ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ እሱ ይቀራል፤ ነገ ግን ስብሰባው ይቀራል። አንዱ ቃል ሁለቱንም ይችላል፣ የሚለየው የሚናገረው ሰው የት እንደቆመ ነው። እኔ የሚሄደውን እያየሁ ቆሜ ጻፍኩት፣ እሷ የሚቆየውን እየፈለገች አነበበችው። ያ ማስታወቂያ ላይ ተናድጄ፣ እኔው ማህተም ያለው ሌላ ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር። የሁለት ቀን ልፋቷ አሁንም ይቆጨኛል።

ያን ማታ ለግሩፑ የጻፍኩትን ሁሉ መልሼ አነበብኩት። ያች ቃል 11 ቦታ ላይ አለች። አንዳንዱ ቦታ «ገና አለ» ለማለት፣ አንዳንዱ ቦታ «ከእንግዲህ የለም» ለማለት። ሁሉንም ነቀልኩ። አሁን የምጽፈው ረዘም ይላል። «እስከ 3.14 ይሠራል፣ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፣ በ3.15 ይወገዳል» ብዬ ነው የምጽፈው። አያምርም። እንደ ግጥም አይፈስም። ግን የቱ ጋ እንደሚሠራ፣ የቱ ጋ እንደሚያቆም ቁጥሩ አለ።

ከዚያ ወዲህ ለግሩፑ ከመልቀቄ በፊት ለእሷ እልክላታለሁ። ጊዜዋን ስለምወስድ አመስግኛታለሁ፣ እሷ ግን ጎበዝ አንባቢ ናት፣ ደስ ብሏት ነው የምትሠራው። ባለፈው የዕቁቡን ምሳሌ፣ ያንን ሁለተኛውን፣ ረዘም ያለውን፣ ተደስቼበት ላክሁላት። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል፣ እንቁራሪቶቹ ይንጫጫሉ። ልተኛ ላፕቶፑን ዘግቻለሁ። ስልኬ ጮኸ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስህተት ይነሳል ያልከው፣ ይመጣል ለማለት ነው ወይስ እገዳው ተነሳ እንደምንለው ይጠፋል ለማለት?»

ላፕቶፑን መልሼ ከፈትኩት።